ራጁን ፈርተን ብረቱን ረስተን

ከጎጃሟ የጅጋ ከተማ ተነሥቶ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል የሄደ ሰው «ራጅ ተነሥተህ ተመለስ» ሲባል ሥጋት ይገባዋል። ወጣቱ ስለ ዘሩ፣ ነፍሰ ጡሯ ስለ ጽንሷ ያስባሉ፤ አዛውንቱ ደግሞ «በበሽታዬ ላይ ሌላ በሽታ ልሸምት ነው ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነፍሰ ጡሯማ ገና ሳትጠየቅ መናገር አለባት። ቁጥሩን ያየ ሰው ግን ፍርሃቱ ይቀልለታል። አንድ የደረት ራጅ ለሰውነት የሚያደርሰው ጨረር ቢበዛ 0.1 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው። ሆስፒታል ረግጦ የማያውቅ ገበሬም ከሚያርሰው አፈር፣ ከቤቱ ድንጋይ፣ ከሚተነፍሰው አየርና ከጠፈር በየዓመቱ ጨረር ይቀበላል፤ የዓለም አማካዩ 2.4 ሚሊሲቨርት ነው። እንግዲህ አንድ የደረት ራጅ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከተፈጥሮ ከምናገኘው ብዙም አይበልጥም ማለት ነው። የሆድ ሲቲ ስካን ከበድ ይላል፤ እስከ 10 ሚሊሲቨርት ሊደርስ ይችላል። እሱም ቢሆን ሐኪሙ በሽታውን ለማግኘት ካስፈለገው የሚያስቆጭ አይደለም።

ያው ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገድ ዳር የወደቀ፣ ለመጠኑ ከልክ በላይ የሚከብድ ብረት ቢያገኝ ግን አይፈራም። አንሥቶ ይወስደዋል፤ ለቆራሌው ይሸጠዋል ወይም ለቀጥቃጭ ይሰጠዋል። በሰላም ጊዜ ተራ ሰዎችን የገደሉ የጨረር አደጋዎችን ታሪክ የመረመረ ሰው ደግሞ እየተመላለሰ የሚያገኘው ይህን ሁለተኛውን ነው፦ ባለቤት አጥቶ የተጣለ፣ ምን እንደሆነ ማንም የማያስታውሰው ብረት። ይህ ምዕራፍ እንዲህ ያለው ብረት እንዳይረሳ ስለሚጠብቁ ሰዎች፣ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ስለሚሠሩ የጨረር ደኅንነት ቴክኒሻኖች ይናገራል። ብዙ ሰው መኖራቸውን አያውቅም። ሥራቸው በደንብ ሲሠራ ምንም ነገር አይፈጠርምና ባይታወቁ አይገርምም።

ሙያቸው ከየት እንደተነሣ ለማየት ወደ ኋላ እንመለስ። ቪልሄልም ሮንትገን ራጅን ያገኘው በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። የዓድዋ ድል የዚያው ዓመት የካቲት 23 ላይ ይውላል። ሁለቱ ነገሮች ወዲያው ተገናኝተዋል። ከዓድዋ ጥቂት ወራት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በሜይ 1896፣ ጁዜፔ አልቫሮ የተባለ ጣሊያናዊ የጦር ሐኪም በኔፕልስ ወታደራዊ ሆስፒታል በኢትዮጵያው ጦርነት ቆስለው የተመለሱ ሁለት ወታደሮችን ክንድ በራጅ አንሥቶ የተቀረቀረውን ጥይት አገኘ። ራጅ ለጦር ቁስለኛ ሲውል ከታወቁት ሁሉ የመጀመሪያው ይህ ነው። በዚያ ዘመን መከላከያ የሚባል ነገር አልነበረም። የቶማስ ኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ የራጅ ቱቦዎችን በገዛ እጁ እየሞከረ ሲሠራ ኖረ፤ እጆቹ ቆሰሉ፣ ተቆረጡ፣ እ.ኤ.አ. በ1904 በካንሰር ሞተ። ዛሬ ራጅ ክፍል በር ላይ የተሰቀለው የእርሳስ ሽርጥ የእነዳሊ ሞት ካስተማረው የመጣ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሙያው የደረሰበት መሠረተ ሐሳብ አጭር ነው። ጨረሩ አጠገብ የምትቆይበትን ጊዜ አሳጥር፤ ራቅ በል፤ በመሐል መከለያ አድርግ። ከሦስቱ ርካሹና ብርቱው መራቅ ነው። ከአንድ ትንሽ የጨረር ምንጭ 1 ሜትር ላይ የቆመ ሰው ወደ 2 ሜትር ቢያፈገፍግ የሚደርሰው ጨረር ወደ ሩብ ይወርዳል፤ 10 ሜትር ቢርቅ መቶኛው ብቻ ይደርሰዋል። በሙያው ላይ ላሉ ሠራተኞች የተቀመጠው ጣሪያ የአምስት ዓመቱ ተደምሮ ሲካፈል በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ነው፤ ለተራው ሕዝብ፣ ሕክምናንና ተፈጥሮን ሳይጨምር፣ 1 ሚሊሲቨርት ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ መላ ሰውነቱ በአንድ ጊዜ ከ4 እስከ 5 ሺህ ሚሊሲቨርት የተቀበለ ሰው ሕክምና ካላገኘ የመትረፍ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ልዩነት እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ የቀረው ሁሉ በእሱ ላይ የቆመ ነውና። የራጅ ማሽን እንደ አምፖል ነው፤ ማብሪያው ሲጠፋ ጨረሩም ይጠፋል፤ የተበላሸ የራጅ ማሽን በጨረር ረገድ ተራ ቁርጥራጭ ብረት ነው። ኮባልት-60 ወይም ሲዚየም-137 የያዘ ዕቃ ግን ማጥፊያ የለውም። ኤሌክትሪኩ ቢቆረጥ፣ ክፍሉ ቢቆለፍ፣ ፕሮፌሰሩ ጡረታ ቢወጡ፣ ቀንና ሌሊት ጨረሩን ይረጫል። የሚቀንሰው በራሱ ጊዜ ብቻ ነው፦ ኮባልት-60 በ5.27 ዓመት፣ ሲዚየም-137 በ30 ዓመት ግማሽ ይሆናል። ከቤሪሊየም ጋር ተደባልቆ የአፈር እርጥበት መለኪያ ውስጥ የሚገባው አሜሪሲየም-241 ደግሞ ግማሽ ለመሆን 432 ዓመት ይፈጅበታል። በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን ተቀብሮ ቢሆን ኖሮ ግማሹ ዛሬም በቦታው ይገኝ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ እነዚህን ነገሮች ምን ያደርግባቸዋል? ብዙ ነገር። የፊዚክስ ክፍሉ ለተማሪ ሙከራ ትንንሽ የታሸጉ ምንጮች ይይዛል። የባዮሎጂ ተመራማሪ ፎስፈረስ-32ን ተከትሎ ሕዋስ ውስጥ የሚሆነውን ያያል። የኬሚስትሪና የማቴሪያል ሰዎች የማዕድንን ውስጣዊ አወቃቀር በኤክስሬይ (በራጅ) መሣሪያ ያነባሉ፤ የዚህ መሣሪያ ጨረር ቀጭን ቢሆንም ጣት ያቃጥላል። የአፈር ተመራማሪው፣ የሲቪል ምሕንድስናው ላቦራቶሪ፣ ከሁሉም በላይ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል አለ። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል የነበረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው፤ ሥራውን የጀመረውም በኮባልት-60 ነው። የማህፀን በር ካንሰር የያዛት የጎጃም እናት ለዚያ ማሽን ስትል ዓባይን ተሻግራ፣ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ሰንብታ፣ ወረፋ ጠብቃ ነበር የምትታከመው። ጨረር የሚያድን ነገር መሆኑን የሚጠራጠር ካለ ከእነዚያ እናቶች የዳኑትን ይጠይቅ። ከሕክምና ውጭም ብንመለከት፣ በአዲስ አበባ ቃሊቲ የተቋቋመው ማዕከል የቆላ ዝንብን በጋማ ጨረር አምክኖ ለመልቀቅ የተሠራ ነው። ዝንቡ የሚያስተላልፈው የገንዲ በሽታ በሬ የገደለበት የዓባይ በረሃ ዳር ገበሬ የዚህን ሥራ ጥቅም ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

እነዚህን የዩኒቨርሲቲ ምንጮች የምትጠብቀው ቴክኒሻን ጠዋት ስትገባ የምታነሣው የጨረር መለኪያዋን ነው። መጀመሪያ ባትሪውን ታያለች። ከዚያ ከላቦራቶሪው ውጭ ቆማ የአካባቢውን የተፈጥሮ ጨረር ታነብባለች፤ ይህን ቁጥር የማያውቅ ሰው ውስጥ ገብቶ የሚያነበው ሁሉ ትርጉም የለውም። ቀጥላም መጠኑ የታወቀ ትንሽ ምንጭ አስጠግታ መሣሪያው ትክክለኛውን ቁጥር መስጠቱን ታረጋግጣለች። መሣሪያ ሊዋሽ ይችላል፤ አንዳንዱ ቆጣሪ በጣም ብርቱ ጨረር ሲያገኘው ይደነዝዝና ዜሮ ያሳያል። ስለዚህ ልምድ ያላት ሴት ወደማታውቀው ክፍል ስትገባ መለኪያውን የምትከፍተው ውስጥ ገብታ ሳይሆን ገና ደጅ ሳለች ነው።

የመጥረጊያ ምርመራ የሚባለውን ቀረብ ብለን እንየው። ጓንት ታጠልቃለች። ክብ የማጣሪያ ወረቀት በአልኮል ታረጥብና የጠረጴዛውን ገጽ፣ የበሩን እጀታ፣ የማቀዝቀዣውን ጠርዝ፣ የስልኩን እጀታ በየተራ ትጠርጋለች፤ ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ ወረቀት፣ ለእያንዳንዱ ወረቀት አንድ ቁጥር። የታሸገ ምንጭ ሲሆን ምንጩን ራሱን አትነካም፤ ፍንጣቂ ቢኖር ሊጠራቀም የሚችልበትን የመያዣውን አፍ ነው የምትጠርገው። ወረቀቶቹን ቆጣሪ ውስጥ ታስገባለች። ከታሸገ ምንጭ የተጠረገ ወረቀት ላይ ወደ 200 ቤኬሬል (የጨረር አመንጪነት መለኪያ) የሚጠጋ ከተገኘ ምንጩ አፍስሷል ተብሎ ከሥራ ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይገኝም። ቴክኒሻኗም «ምንም የለም» ብላ አትተወውም፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የመሣሪያውን ቁጥር፣ ያነበበችውን ጽፋ ትፈርማለች። የዛሬው «ምንም» ካልተጻፈ ነገ የሚገኘው «አንድ ነገር» መቼ እንደመጣ አይታወቅም።

ፎስፈረስ-32 የሚያዝበት ጠረጴዛ ላይ የቆመው መከለያ ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ነው። ጀማሪ ተማሪ «ለምን እርሳስ አላደረጋችሁም? እርሳስ አይሻልም?» ብሎ መጠየቁ የተለመደ ነው። አይሻልም። የፎስፈረስ-32 ጨረር ፈጣን ኤሌክትሮን ነው፤ ከባድ ብረት ላይ ሲላተም ራሱ ኤክስሬይ ይፈጥራል። አንድ ሳንቲ ሜትር ፕላስቲክ ግን በቀላሉ ያቆመዋል። ከሥራ የተረፈው ዝቃጭ፣ ጓንትና ወረቀት ቀኑ ተጽፎበት ሣጥን ውስጥ ይገባል። ፎስፈረስ-32 በ14.3 ቀን ግማሽ ስለሚሆን አምስት ወር ከተቆለፈበት ከሺህ አንድ እጅ እንኳ አይቀረውም፤ ያኔ ተለክቶ፣ የጨረር ምልክቱ ተልጦ፣ እንደ ማንኛውም የላቦራቶሪ ቆሻሻ ይወገዳል።

ሠራተኞቹ ደረታቸው ላይ የሚያደርጓት ባጅ ውስጥ ትንሽ የሊቲየም ፍሎራይድ ክሪስታል አለች። ጨረር ሲያገኛት ጉልበቱን ይዛ ትቆያለች፤ በኋላ ላቦራቶሪ ውስጥ ስትሞቅ የያዘችውን በብርሃን ትመልሳለች፤ ብርሃኑ ሲለካ የሠራተኛው ድርሻ ይታወቃል። እዚህ ላይ በሙያው ውስጥ የማያስደስተኝን ልማድ ልናገር። ባጁን መሳቢያ ውስጥ ትቶ የሚሠራ አለ፤ «የተመዘገበብኝ ከበዛ ከሥራ ያነሡኛል» ብሎ። በሌላ በኩል የባጁን ንባብ ለሠራተኛው ሳያሳውቅ ፋይል ውስጥ የሚያኖር አለቃ አለ። ሁለቱም ባጇን ጌጥ ያደርጓታል። የገዛ ሰውነቱ ያገኘውን ጨረር ማወቅ የሠራተኛው መብት ነው፤ በዚህ ላይ ድርድር ሊኖር አይገባም።

የተረሳ ብረት ምን እንደሚያደርስ ለማየት አሁን ወደ ሕንዷ ደልሂ እንሂድ። የደልሂ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ከካናዳ አንድ የጋማ ማሽን ገዛ። ማሽኑ በወፍራም እርሳስ ተከልሎ ኮባልት-60 የያዘ ነበር፤ የኬሚካል ናሙና ለጨረር ለማጋለጥ ያገለግላል። ሥራው የሚፈልጋቸው ተመራማሪዎች ጡረታ ወጡ። እ.ኤ.አ. ከ1985 ወዲህ ማንም አልነካውም። ክፍሉ ተዘግቶ ቆየ፤ አዳዲስ ኃላፊዎች መጡ፤ ማሽኑ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እያነሰ ሄደ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2010 ዩኒቨርሲቲው አሮጌ ንብረቶቹን በጨረታ ሸጠ፤ የጋማ ማሽኑም አብሮ ተሸጠ። ማያፑሪ በሚባለው የደልሂ የቁርጥራጭ ብረት ገበያ ሠራተኞች እርሳሱን ለመሸጥ ገላልጠው ኮባልቱ ላይ ደረሱ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በዝግታ የመጣ ነው፤ ቆዳ ጠቆረ፣ ፀጉር ረገፈ፣ ማስመለስ መጣ፤ ሐኪሞች ነገሩ ጨረር መሆኑን የጠረጠሩት ኤፕሪል ከገባ በኋላ ነው። አንድ ሰው ሞተ፤ በርካቶች ሆስፒታል ተኙ።

ስሌቱን አንድ ጊዜ እንሥራው። ኮባልቱ ከተገዛ አርባ ዓመት አልፎታል። በየ5.27 ዓመቱ ግማሽ እየሆነ ሲሄድ በ2010 የቀረው ከመጀመሪያው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ያ ቅሪት ሰው ገደለ። አንድ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ማሽኑ «አሮጌ፣ የማይሠራ» ተብሎ ሲጻፍ ቢያይ ምን ሊጠረጥር ይችላል? ሥራ የፈታውኮ ናሙና ማስገቢያው ነው። ኮባልቱ አንድም ቀን ሥራ አላቆመም።

ይህን ታሪክ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ የሠራ ሰው ሲያነብ ዓይኑ ላይ የሚመጣበት ነገር አለ፦ ከግምጃ ቤቱ ጀርባ የተከመረው ያገለገለ ንብረት። ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል፤ ሲያረጅ የንብረት ማስወገድ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ጨረታ ይወጣል፣ ያሸነፈው ነጋዴ አይሱዙ ይዞ ይመጣል። አሠራሩ ለወንበርና ለኮምፒዩተር ተገቢ ነው። ገቢ ሲሆን «የአፈር እርጥበት መለኪያ፣ ብዛት 1» ተብሎ ብቻ የተጻፈ መሣሪያ ግን በሆዱ አሜሪሲየም መያዙን ወረቀቱ አይናገርም። የገዛው ተመራማሪ ለሦስተኛ ዲግሪ ውጭ አገር ሄዶ ሊቀር ይችላል። የዩኒቨርሲቲዎቻችን ቁጥር በሃያ ዓመት ውስጥ ከጥቂቶች ተነሥቶ ከአርባ በላይ ሆኗል፤ ከጅጋ ብዙ ሳይርቁ እንኳ ደብረ ማርቆስ፣ እንጅባራና ባሕር ዳር አሉ፤ ቡሬም የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አላት። ላቦራቶሪ ሲበዛ ምንጭ ይበዛል። መዝገቡ ካልተከተለው ደልሂ ሩቅ አይደለችም።

ስለዚህ በእኔ እምነት የጨረር ደኅንነት ቴክኒሻን ትልቁ የሥራ ቦታ ላቦራቶሪው አይደለም፤ ግዢ ክፍሉና ንብረት ክፍሉ ነው። ምንጭ ያለበት ዕቃ ሲገዛ እሷ ሳትፈርም መታዘዝ የለበትም። የግዢ ውሉም አቅራቢው አገልግሎቱን የጨረሰውን ምንጭ መልሶ የሚወስድበትን አንቀጽ መያዝ አለበት፤ ዕቃው ከገባ በኋላ ይህን መለመን ብዙ ጊዜ ዋጋ የለውም። የንብረት ማስወገድ ኮሚቴው ውስጥም እሷ አባል መሆን አለባት፤ አይሱዙው ከበር ሳይወጣ ጭነቱ በመለኪያ ይፈተሽ። ይህ የሚጠይቀው ግማሽ ቀንና አንድ የሚሠራ መለኪያ ነው። እሷ ራሷ ሥራ ስትለቅ ደግሞ ለተተኪዋ ቁልፍ ማስረከብ አይበቃትም፤ ሁለቱ መዝገቡን ይዘው እያንዳንዱን ምንጭ በቦታው በመለኪያ አረጋግጠው ነው መፈራረም ያለባቸው።

ሕጉ አለ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1957 ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ሲቋቋም ጀምሮ አባል ናት። እ.ኤ.አ. በ1993 በአዋጅ ቁጥር 79 የጨረር መከላከያ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ አዋጁ በ2008 በቁጥር 571፣ በ2017 ደግሞ በቁጥር 1025 ተተካ። ፈቃድ ሳይኖር ምንጭ ማስገባት፣ መያዝ፣ ማጓጓዝ፣ መጣል ክልክል ነው። አዲስ አበባ ያለ ተቆጣጣሪ ግን በየጊዜው መጥቶ ያይ እንደሆነ እንጂ በየቀኑ ግቢው ውስጥ አይገኝም። በየቀኑ የምትገኘው ቴክኒሻኗ ናት። ብዙውን ጊዜ ደግሞ ይህ ሥራ በፊዚክስ መምህር ወይም በላቦራቶሪ ረዳት ላይ በተደራቢነት የሚጫን ነው፤ ያለ ደመወዝ፣ ያለ በጀት፣ ባትሪ ለመግዛት ሦስት ፊርማ እየተጠየቀበት። ሰውየው ሌላ መሥሪያ ቤት የተሻለ ደመወዝ ሲያገኝ ይሄዳል፤ መዝገቡ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። በብራዚሏ ጎያኒያ የሆነውም ተመሳሳይ ነው፦ አንድ ክሊኒክ ቦታ ሲለውጥ የሲዚየም-137 ማሽኑን ባዶ ሕንፃ ውስጥ ትቶት ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1987 ሁለት ሰዎች ብረቱን ሊሸጡ ወሰዱት። ውስጡ ያለው ዱቄት በጨለማ ሰማያዊ ያበራ ስለነበር ጎረቤት ለጎረቤት ተካፈለው። አራት ሰው ሞተ፣ ከነሱም አንዷ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ 249 ሰው በዱቄቱ ተበከለ፤ ከ112 ሺህ በላይ ሰው ተሰልፎ ተመረመረ።

ወደ ጅጋ እንመለስ፤ መሐሏን የሚያቋርጠው ከደምበጫ ወደ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ የሚወስደው ዋናው አስፋልት ነው። በዓለም ዙሪያ እንዲህ ያለ መንገድ ሲሠራ መሐንዲሶች የአፈሩን ጥቅጠቃ ከሚለኩባቸው መሣሪያዎች አንዱ ጨረር የሚጠቀም ነው፤ ብዙ ጊዜ ቢጫ ቀለም የተቀባ፣ ሰው በእጁ ሊሸከመው የሚችል ሣጥን፣ ወደ አፈር የሚወርድ ዘንግ ያለው። በተለመደው ዓይነት ውስጥ ወደ 0.3 ጊጋቤኬሬል ሲዚየም-137ና ወደ 1.5 ጊጋቤኬሬል አሜሪሲየም-241 ይገኛል። መጠኑ ከጎያኒያው ጋር አይወዳደርም፤ መያዣው ሳይሰበር በአጠገቡ ያለፈ ሰው አይጎዳም። ከመኪና ወድቆ ቢገኝ ግን ወደ ቤት የሚወሰድ ዕቃ አይደለም።

ልጆችም አዋቂዎችም ሊያውቁት የሚገባው ምልክት አንድ ነው፦ በቢጫ መደብ ላይ፣ በአንዲት ነጥብ ዙሪያ የተዘረጉ ሦስት ጥቁር ክንፎች። ምልክቱ የተወለደውም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1946 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሊ የጨረር ላቦራቶሪ። ይህ ምልክት ያለበት፣ ወይም ምልክቱ ተፍቆም ቢሆን በእርሳስ የተሸፈነና ያለ መጠኑ የከበደ ዕቃ ሜዳ ላይ ያገኘ ሰው አይንካው፣ አያንቀሳቅሰው፣ አይፍታው። ሰውንና ከብትን ቢያንስ 30 ሜትር ያርቅ፣ ከሩቅ የሚጠብቅ ሰው ያቁም፣ ለፖሊስ ይንገር፤ ፖሊስ ለተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ያሳውቃል። ዕቃውን ቀድሞ የነካ ካለ እጁን በውሃና በሳሙና ይታጠብ፣ እስኪታጠብ ድረስም አይብላ፣ አይጠጣ፣ ፊቱን አይንካ፤ ጤና ጣቢያ ሲደርስ ምን እንደነካና መቼ እንደነካ ለሐኪሙ በግልጽ ይናገር። የጨረር ቁስል መጀመሪያ ሲታይ የእሳት ቃጠሎ ይመስላልና ሐኪሙ ካልተነገረው በምን ሊጠረጥር ይችላል?